ሞክሼ ስሞች በሃስኬል፦ ላይብረሪ ስናስገባ የሚነሳውን የስም ግጭት መፍታት

አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰላማዊቶች ሲገኙ ስም የሚጠራው መምህር የአባታቸውን ስም ጨምሮ ይጠራቸዋል፤ የአባታቸው ስም ከተመሳሰለም እስከ አያት ይዘልቃል። ሞክሼ በመሆኗ ብቻ ስሟን እንድትቀይር የምትገደድ ተማሪ የለችም። በሃስኬል ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰውም ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶች አልፎ የሌሎችን ላይብረሪዎች ማስገባት ሲጀምር ከዚሁ ጉዳይ ጋር ይገናኛል፤ ፊልተር፣ ማፕ፣ ሉክአፕና ኢንሰርት የሚባሉ ስሞች በብዙ ላይብረሪዎች ውስጥ ይደጋገማሉና። ይህ መመሪያ ግጭቱ ከየት እንደሚመጣ፣ የኮምፓይለሩ መልእክት እንዴት እንደሚነበብ፣ ለየትኛው ሁኔታም የትኛው መፍትሔ እንደሚሻል ያሳያል።

አስቀድሞ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የኮዱን ቃላት እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ በፋይላችሁ ውስጥ ግን የቋንቋው ቁልፍ ቃላትና የላይብረሪዎቹ ስሞች በላቲን ፊደል መጻፍ አለባቸው። እናንተ ለምትፈጥሯቸው ተለዋዋጮችና ፋንክሽኖች ግን በግዕዝ ፊደል ስም ማውጣት ትችላላችሁ። ዋናው የሃስኬል ኮምፓይለር ጂኤችሲ ፊደላችንን እንደ ትንሽ ፊደል ስለሚቆጥረው «ቁጠር» ወይም «ጽሑፍ» የሚል ስም ያለ ችግር ይቀበላል። በትልቅ ፊደል መጀመር ያለባቸው የታይፕ፣ የኮንስትራክተርና የሞጁል ስሞች ግን በግዕዝ ፊደል ሊጀምሩ አይችሉም።

ግጭቱ ከየት ይመጣል?

ማንኛውም የሃስኬል ሞጁል፣ እኛ ምንም ባንጽፍም፣ ፕሪሉድ የሚባለውን መሠረታዊ ሞጁል በራሱ ያስገባል። ማፕ፣ ፊልተር፣ ሉክአፕ፣ ዎርድስ፣ ነል የሚባሉት ፋንክሽኖች ገና ከመጀመሪያው በእጃችን ያሉት ስለዚህ ነው። ኮንቴይነርስ የተባለው ፓኬጅ ውስጥ ያለው ዳታ.ማፕ ደግሞ ማፕ ለሚባለው፣ ቁልፍን ከዋጋ ጋር ለሚያጣምረው የመረጃ አያያዝ የራሱ ፊልተርና ሉክአፕ አለው፤ ቴክስት የተባለው ፓኬጅ ውስጥ ያለው ዳታ.ቴክስትም እንዲሁ የራሱ ፊልተርና ዎርድስ አለው። ይህ የላይብረሪ ጸሐፊዎቹ ዝንጋታ አይደለም። እነዚህ ሞጁሎች ከመነሻው የተዘጋጁት በቅጽል፣ ማለትም የሞጁሉ ስም ወይም አጭር ምትኩ ከፊት ተጨምሮ፣ እንዲጠሩ ታስበው ነው፤ ስለዚህም እያንዳንዱን ፋንክሽን «ማፕፊልተር»፣ «ቴክስትፊልተር» እያሉ ስሙን ከማስረዘም ይልቅ አጭሩን ስም መርጠዋል።

ከጃቫ ወይም ከሲ++ የመጡ ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ። ለፊልተር የሰጠሁት ነገር ማፕ መሆኑ በግልጽ እየታየ ኮምፓይለሩ የትኛውን ፊልተር እንደፈለግሁ ለምን ራሱ አይረዳም? መልሱ በሥራው ቅደም ተከተል ላይ ነው። ጂኤችሲ እያንዳንዱን ስም ከባለቤቱ ጋር የሚያገናኘው ታይፖችን መመርመር ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ስለዚህ ስሙን በሚፈልግበት ሰዓት የተሰጠው ነገር ማፕ ይሁን ሊስት ገና አያውቅም። በሃስኬል አንድ ስም ለብዙ ታይፖች እንዲያገለግል የሚደረገው በታይፕ ክላስ ብቻ ነው። ለምሳሌ ሌንግዝ የተባለው የፕሪሉድ ፋንክሽን ፎልደብል በተባለው ክላስ ሥር ስላለ ለሊስትም ለማፕም ይሠራል። ቴክስት ግን ውስጡ ሌላ ታይፕ የሚቀበል መያዣ ስላልሆነ የፎልደብል አባል ሊሆን አይችልም፤ ለእሱ የራሱን ሌንግዝ ከዳታ.ቴክስት መጥራት ግድ ነው።

መልእክቱን ማንበብ

በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ የመጡ ቃላትን የሚቆጥር ትንሽ ፕሮግራም እንውሰድ። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይጽፈዋል፦

ኢምፖርት ዳታ.ማፕ
ኢምፖርት ዳታ.ቴክስት

ቁጠር ጽሑፍ = ፊልተር (> 1) (ፍሮምሊስትዊዝ (+) [(ቃል, 1) | ቃል <- ዎርድስ ጽሑፍ])

ይህ ኮድ ሁለት ስህተቶችን ያስከትላል፤ አንዱ በፊልተር፣ ሌላው በዎርድስ ላይ ነው። መልእክቱ «አምቢጉየስ ኦከረንስ» በሚሉ ቃላት ይጀምራል፤ ትርጉሙ ይህ ስም ከአንድ በላይ ባለቤት ስላለው የትኛው እንደተፈለገ ሊታወቅ አልቻለም ማለት ነው። ከ9.6 ስሪት ጀምሮ ጂኤችሲ ለስህተቶቹ መለያ ቁጥር ስለሚሰጥ ከመልእክቱ አጠገብ ጂኤችሲ-87543 የሚል ታያላችሁ። ቀጥሎም ተፎካካሪዎቹ ይዘረዘራሉ። ለፊልተር ሦስት ናቸው፤ የፕሪሉድ፣ የዳታ.ማፕና የዳታ.ቴክስት። ለዎርድስ ደግሞ ሁለት ናቸው፤ የፕሪሉድና የዳታ.ቴክስት። ፍሮምሊስትዊዝ ግን በዳታ.ማፕ ውስጥ ብቻ ስላለ አንዳች ቅሬታ አይነሳበትም።

ከዚህ መልእክት ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ስህተቱ የተመዘገበው ስሙ በተጠራበት መስመር ላይ እንጂ በኢምፖርት መስመሮቹ ላይ አለመሆኑ ነው። ዳታ.ማፕና ዳታ.ቴክስት ከፊልተርና ከዎርድስ ሌላ የሚጋሯቸው ብዙ ስሞች አሏቸው፤ እኛ እነዚያን ስላልጠራናቸው ኮምፓይለሩም ዝም ብሏል። በሃስኬል ሕግ ሞክሼ ስሞችን በአንድ ላይ ማስገባት ስህተት አይደለም፤ ስህተት የሚሆነው ሳይለዩ መጥራት ነው። ስለዚህ ዛሬ ያለ ችግር የሚሠራ ፋይል ነገ አንድ መስመር ሲጨመርበት ሊሰናከል ይችላል፤ ያን ጊዜም ጥፋቱ ያለው አዲሱ መስመር ላይ ሳይሆን ከላይ ከኢምፖርቶቹ ዘንድ ነው። መጠገን ያለባችሁም እዚያው ላይ ነው።

ሁለተኛው በመልእክቱ ውስጥ እያንዳንዱ ተፎካካሪ መጀመሪያ የተጻፈበት ሞጁል መጠቀሱ ነው። ኮምፓይለሩ የሚያነጻጽረው ስሞቹ የመጡበትን መንገድ ሳይሆን ባለቤቶቹን ነው፤ አንድ ፋንክሽን በሁለት ሞጁሎች በኩል ቢገባም አንድ እስከሆነ ድረስ ግጭት የለም። ዳታ.ማፕንና ዳታ.ማፕ.ስትሪክትን ሁለቱንም ብታስገቡ ሉክአፕ በሁለቱም ዘንድ ያው አንድ ፋንክሽን ስለሆነ እርስ በርሳቸው በእሱ አይጋጩም። ኢንሰርትዊዝ ግን በአንዱ ዋጋውን ሳያሰላ የሚያስቀምጥ፣ በሌላው ወዲያው የሚያሰላ ስለሆነ ሁለት ፋንክሽን ነው፤ ይጋጫል።

የአባት ስም ጨምሮ መጥራት

ዋናው መፍትሔ ኳሊፋይድ ኢምፖርት ነው፤ እኔ ከሌሎቹ ሁሉ የማስቀድመውም እሱን ነው። ከላይ ያለው ፕሮግራም እንዲህ ይስተካከላል፦

ኢምፖርት ዳታ.ማፕ.ስትሪክት (ማፕ)
ኢምፖርት ኳሊፋይድ ዳታ.ማፕ.ስትሪክት አዝ ኤም
ኢምፖርት ዳታ.ቴክስት (ቴክስት)
ኢምፖርት ኳሊፋይድ ዳታ.ቴክስት አዝ ቲ
ኢምፖርት ኳሊፋይድ ዳታ.ቴክስት.አይኦ አዝ ቲ

ቁጠር :: ቴክስት -> ማፕ ቴክስት ኢንት
ቁጠር ጽሑፍ = ኤም.ፊልተር (> 1) (ኤም.ፍሮምሊስትዊዝ (+) [(ቃል, 1) | ቃል <- ቲ.ዎርድስ ጽሑፍ])

ኳሊፋይድ የሚለው ቃል የሞጁሉ ስሞች ያለ ቅጽል እንዳይጠሩ ያደርጋል፤ አዝ የሚለው ደግሞ ረጅሙን የሞጁል ስም በአጭር ቅጽል ይተካል። ዳታ.ማፕ.ስትሪክትም ዳታ.ቴክስትም ሁለት ሁለት ጊዜ ገብተዋል፤ አንደኛው መስመር ታይፑን ብቻ በባዶ ስሙ ያስገባል፤ ምክንያቱም በታይፕ ፊርማ ውስጥ «ኤም.ማፕ ቲ.ቴክስት ኢንት» እያሉ መጻፍ ንባቡን ያከብደዋል፣ የታይፕ ስሞች ደግሞ እንደ ፋንክሽኖቹ ብዙ ሞክሼ የላቸውም። ዳታ.ቴክስትና ዳታ.ቴክስት.አይኦ አንድ ቅጽል መጋራታቸውን ልብ በሉ። ሁለት ሞጁሎች በአንድ ቅጽል ሊጠሩ ይችላሉ፤ በውስጣቸው የምትጠሩት ስም ሞክሼ እስካልሆነ ድረስ ጉዳት የለውም።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። «ኢምፖርት ዳታ.ማፕ አዝ ኤም» ብላችሁ ኳሊፋይድ የሚለውን ቃል ከዘነጋችሁ ሞጁሉ በቅጽልም ያለ ቅጽልም ይገባል። ኤም.ፊልተር እንደታሰበው ይሠራል፤ ነገር ግን ባዶው ፊልተር ከፕሪሉዱ ጋር ተጋጭቶ ይጠብቃችኋል። ቅጽል ሰጥቻለሁ፣ ታዲያ ለምን ይጋጫል እያሉ ግራ የሚጋቡ ብዙ ሰዎች ችግራቸው ይህች የጎደለች ቃል ናት። ከጂኤችሲ 8.10 ጀምሮ ኢምፖርትኳሊፋይድፖስት በተባለው ማራዘሚያ ኳሊፋይድ የሚለውን ከሞጁሉ ስም በኋላ መጻፍ ይቻላል፤ «ኢምፖርት ዳታ.ማፕ ኳሊፋይድ አዝ ኤም» ይሆናል። የሞጁሎቹ ስሞች በአንድ ዓምድ ስለሚሰለፉ ጉድለቱ ቶሎ ይታያል፤ እኔም በዚህ ምክንያት እመርጠዋለሁ። ማራዘሚያው በጂኤችሲ2021 ስብስብ ውስጥ ያለ ሲሆን፣ የካባል ፋይላችሁ (የፕሮጀክቱ ጥገኝነቶችና ምርጫዎች የሚጻፉበት ፋይል) ቋንቋውን ሃስኬል2010 ብሎ ከወሰነ ግን ለብቻው መክፈት ያስፈልጋል።

የቅጽሉ ጥቅም ስህተቱን ከማስወገድ ያልፋል። በፕሮግራማችን ውስጥ ዎርድስ ቃላትን የሚለየው ባዶ ቦታ ሲያገኝ ነው። በቀድሞው የአማርኛ አጻጻፍ ቃላትን የሚለዩት ሁለት ነጥቦች ደግሞ በዩኒኮድ የተመደቡት ከሥርዓተ ነጥብ ጋር እንጂ ከባዶ ቦታ ጋር አይደለም፤ ስለዚህ በሁለት ነጥብ የተጻፈ አሮጌ ጽሑፍ ለቲ.ዎርድስ ብትሰጡት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንደ አንድ ቃል ይቆጠራል። መፍትሔው ስፕሊት የተባለውን ፋንክሽን መጠቀም ነው፦

ቃላት ጽሑፍ = ፊልተር (ኖት . ቲ.ነል) (ቲ.ስፕሊት መለያ ጽሑፍ)
  ዌር መለያ ሲ = ኢዝስፔስ ሲ || ሲ == '፡'

ኢዝስፔስ የሚመጣው «ኢምፖርት ዳታ.ቻር (ኢዝስፔስ)» ከሚለው መስመር ነው። በዚህች አንድ መስመር ውስጥ ያለው ባዶው ፊልተር የሊስት ነው፤ ነልና ስፕሊት የቴክስት ናቸው። ዳታ.ማፕም ስፕሊት አለው፤ ሥራው ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ማፑን በአንድ ቁልፍ ላይ ከፍሎ ከቁልፉ የሚያንሱትንና የሚበልጡትን ለየብቻ ይሰጣል። ቅጽሉ ባይኖር ይህን ኮድ ከስድስት ወር በኋላ የሚያነብ ሰው፣ እናንተ ራሳችሁም ብትሆኑ፣ ስፕሊት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ወደ ላይ ወጥቶ ኢምፖርቶቹን መፈተሽ ይኖርበት ነበር።

ነጥቧን ስትጽፉ ጥንቃቄ አድርጉ። በሃስኬል ነጥብ ፋንክሽኖችን ለማያያዝም ሞጁልን ከስሙ ጋር ለማገናኘትም ታገለግላለች። በትልቅ ፊደል የሚጀምር ስም፣ ነጥብና ሌላ ስም ያለ ክፍተት ከተቀጣጠሉ ኮምፓይለሩ የሞጁል ቅጽል አድርጎ ያነባቸዋል። ጀስት የተባለውን ኮንስትራክተር ከሌላ ፋንክሽን ጋር ያለ ክፍተት ብታያይዙ ጀስት የሚባል ሞጁል ይፈለጋል። [ፎልስ..] ብላችሁ ያለ ክፍተት የጻፋችሁት ተከታታይም በዚሁ ምክንያት ይሰናከላል፤ ከፎልስ በኋላ አንድ ክፍተት መተው ይበቃል።

ምልክት የሆኑ ኦፐሬተሮችም በቅጽል ይጠራሉ፤ ከማፕ ውስጥ ዋጋ የሚያወጣው የቃል አጋኖ ምልክት «ኤም.!» ተብሎ በሁለቱ መካከል ይጻፋል። ለዓይን ግን አይመችም። ስለዚህ በአንድ ፋይል ውስጥ የአንድ ላይብረሪ ኦፐሬተር ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ በዝርዝር አስገቡት፤ ዳታ.ቬክተርም ያው ምልክት ስላለው ሁለቱ ከተገናኙ ግን ቅጽሉን ታገሡት።

ክላስን በቅጽል አስገብታችሁ ኢንስታንስ፣ ማለትም አንድ ታይፕ የክላሱን ፋንክሽኖች (ሜተዶች) እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ ክፍል፣ ስትጽፉም አንድ ለየት ያለ ሕግ አለ፦ በእኩል ምልክቱ ግራ የሚቆመው የሜተድ ስም ቅጽል አይቀበልም። ክላሱ ፎልደብል ከሆነና ኤፍ በሚል ቅጽል ካስገባችሁት፣ በኢንስታንሱ ውስጥ የምትጽፉት ፎልድአር እንጂ ኤፍ.ፎልድአር አይደለም። የፕሪሉዱ ሞክሼ ቢኖርም እዚያ ቦታ ላይ ግጭት አይፈጠርም፤ ኮምፓይለሩ የምትናገሩት ስለዚያ ክላስ ሜተድ መሆኑን ያውቃልና።

በዝርዝር ማስገባትና ማስቀረት

ከሞጁሉ ስም በኋላ በቅንፍ የምንጽፈው ዝርዝር የተጠሩትን ብቻ ያስገባል። ለታይፖች፣ ለኦፐሬተሮችና ትርጉማቸው ከስማቸው ለሚታወቁ ጥቂት ፋንክሽኖች፣ ለምሳሌ ከዳታ.ሊስት ለሚመጣው ሶርትኦን፣ ጥሩ መንገድ ነው። ዝርዝሩ ሦስት መስመር ሲሞላ ግን ወደ ቅጽል መሸጋገሪያው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

ሃይዲንግ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከተዘረዘሩት በስተቀር ሁሉንም ያስገባል። «ኢምፖርት ፕሪሉድ ሃይዲንግ (ሉክአፕ)» ብላችሁ ስትጽፉ ይህ መስመር በራሱ የሚገባውን ፕሪሉድ ይተካል፤ ስለዚህ የፕሪሉዱ ሉክአፕ ከፋይሉ ይወጣል። የራሳችሁን የመረጃ አያያዝ የሚተረጉም ሞጁል ስትጽፉና ፋንክሽኑን ሉክአፕ ብላችሁ ለመሰየም በቂ ምክንያት ሲኖራችሁ ትክክለኛው መሣሪያ ይህ ነው። ከዚያ ውጭ ሃይዲንግን አላበረታታም። ምክንያቴም አንባቢው ነው፤ ፊልተር የሚል ስም ያለ ቅጽል ያየ ማንኛውም የሃስኬል ሰው የሊስቱን ፊልተር ያስባል፤ እናንተ ከላይ የፕሪሉዱን አስቀርታችሁ የዳታ.ማፑን አስገብታችሁ ከሆነ ኮምፓይለሩ ቢስማማም አንባቢው ይሳሳታል።

የራሳችሁ ፋንክሽን ከፕሪሉድ ጋር ሞክሼ ሲሆን ትርጉሙን መጻፉ አያስከስስም፤ ስትጠሩት ግን ግጭቱ ይነሳል። የሞጁላችሁን ስም በቅጽልነት ጨምራችሁ «ሜይን.ሉክአፕ» ማለት ትችላላችሁ፤ ቢሆንም የተሻለ ስም መፈለግ ብዙውን ጊዜ ይቀላል። በዌር ወይም በሌት ውስጥ የተሰየመ ነገር ግን አይጋጭም፤ የውጪውን ዝም ብሎ ይጋርደዋል። ይህ ከግጭት ይልቅ አሳሳች ስለሆነ -ዎል የሚባለውን የማስጠንቀቂያ ምርጫ ሁልጊዜ ክፈቱ፤ መጋረዱን ያሳውቃችኋል።

ስሪት ሲቀየር

ክፍት ኢምፖርት፣ ማለትም ያለ ቅጽልና ያለ ዝርዝር የገባ ሞጁል፣ ወደፊት የሚጨመሩትን ስሞች ሁሉ አስቀድሞ እንደመጋበዝ ነው። ፕሪሉድ ራሱ ሲያድግ ኖሯል። በ2015 የወጣው ጂኤችሲ 7.10 ትራቨርስን፣ ፎልድማፕንና የአፕሊኬቲቭ ኦፐሬተሮችን ጨመረ፤ በ2018 የወጣው 8.4 የሴሚግሩፕን ማያያዣ ምልክት <> አመጣ፤ በ2023 የወጣው 9.6 ሊፍትኤ2ን፣ በ2024 የወጣው 9.10 ደግሞ ፎልድኤል' የሚለውን ጨመሩ። በእያንዳንዱ ጊዜ እነዚህን ስሞች ለራሳቸው ፋንክሽን ሰጥተው የነበሩ ፕሮግራሞች ከአዲሱ ስሪት ጋር ተጋጭተዋል።

እኔም ደርሶብኛል። የሊስትን የመጨረሻ አባል ከቀሪው የሚለይ ፋንክሽን ጽፌ አንስኖክ ብዬው ነበር፤ ዳታ.ሊስትን ደግሞ በበርካታ ፋይሎች ውስጥ በክፍት አስገብቼ ነበር። ወደ 9.8 ስንሸጋገር ዳታ.ሊስት በዚያው ስም የራሱን ፋንክሽን ስላወጣ፣ ለወራት ማንም ያልነካቸው ፋይሎች በአንድ ጠዋት መሥራት አቆሙ። ጥገናው ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ያው መስመር መጀመሪያውኑ በዝርዝር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ግን ምንም አይፈጠርም ነበር።

በዝርዝር ማስገባትም ቢሆን ወሰን አለው። «ኢምፖርት ዳታ.ማፕ (ማፕ, ፎልድኤል')» የሚል መስመር እስከ 9.8 ድረስ ከፕሪሉድ ጋር ሰላም ነበር፤ በ9.10 ግን ፕሪሉድ የራሱን ፎልድኤል' ስላመጣና የማፑ ሌላ ፋንክሽን ስለሆነ ይጋጫል። ዝርዝር ከምታስገቡት ላይብረሪ ዕድገት ይጠብቃችኋል እንጂ ከፕሪሉድ ዕድገት አይጠብቃችሁም። ከሁለቱም የሚጠብቀው ቅጽል ብቻ ነው፤ ኤም.ፎልድኤል' በአሮጌውም በአዲሱም ስሪት ያው ነው።

የሃስኬል ፓኬጆች የሚከተሉት ፒቪፒ የተባለው የስሪት አሰጣጥ ደንብም ይህን ከግምት ያስገባል። በደንቡ መሠረት የስሪቱ ሁለት የመጀመሪያ ቁጥሮች ነባር ነገር ሲለወጥ ወይም ሲነሳ ያድጋሉ፤ አዲስ ስም ብቻ ሲጨመር የሚያድገው ሦስተኛው ቁጥር ነው። ስለዚህ በቅጽል ወይም በዝርዝር የሚያስገባ ሰው ጥገኝነቱን በሁለቱ የመጀመሪያ ቁጥሮች ቢወስን ይበቃዋል፤ በክፍት የሚያስገባ ግን እስከ ሦስተኛው ቁጥር ድረስ ማጥበቅ ይኖርበታል። ፓኬጅ ለሌሎች የምታወጡ ከሆነ ይህ ልዩነት የተጠቃሚዎቻችሁን ጊዜ የሚነካ ነው።

የአባት ስምም ሲመሳሰል

አንዳንድ ጊዜ የሚጋጨው ፋንክሽኑ ሳይሆን ሞጁሉ ራሱ ነው። ክሪፕቶሃሽና ክሪፕቶናይት የተባሉት ሁለት ፓኬጆች ሁለቱም ክሪፕቶ.ሃሽ የሚባል ሞጁል አላቸው፤ ሁለቱም በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ካሉ የኢምፖርት መስመሩ ራሱ የማን እንደሆነ አይለይም። በመጀመሪያ ሁለቱም በእርግጥ እንደሚያስፈልጉ አጣሩ፤ ካላስፈለገ አንዱን ከካባል ፋይሉ የጥገኝነት ዝርዝር ማውጣት ይሻላል። ሁለቱም የግድ ከሆኑ ፓኬጅኢምፖርትስ የተባለውን ማራዘሚያ ከፍታችሁ የፓኬጁን ስም በጥቅስ ውስጥ ጨምሩ፦

ኢምፖርት ኳሊፋይድ "ክሪፕቶናይት" ክሪፕቶ.ሃሽ አዝ ኤች

ይህ እስከ አያት ስም መጥራት ነው። ከካባል 2.0 ጀምሮ ሚክስኢንስ በሚባለው መስክ የአንድን ፓኬጅ ሞጁል በፕሮጀክቱ ውስጥ በሌላ ስም እንዲታወቅ ማድረግም ይቻላል፤ ሞጁሉ በብዙ ፋይሎች ውስጥ የሚገባ ከሆነ ይህኛው መንገድ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን በየትኛውም መንገድ ሊለይ አይችልም፤ እሱም ኢንስታንስ ነው። ኢንስታንስ ስም ስለሌለው በዝርዝር ማስገባትም በሃይዲንግ ማስቀረትም አይቻልም፤ ሞጁሉ እስከገባ ድረስ ኢንስታንሶቹ ሁሉ ይገባሉ። ሁለት ላይብረሪዎች ለአንድ ታይፕ የአንድን ክላስ ኢንስታንስ ከሰጡና ፕሮግራማችሁ ኢንስታንሱን ከተጠቀመበት ቅጽል አያድናችሁም። መውጫው ታይፑን በኒውታይፕ (ነባር ታይፕን በአዲስ ስም በሚጠቀልል መግለጫ) ጠቅልሎ የራስን ኢንስታንስ መጻፍ ነው።

ነባር ፋይልን ማጽዳት

ክፍት ኢምፖርቶች የሞሉበትን አሮጌ ፋይል በአንድ ጊዜ ለማስተካከል አትሞክሩ። በመጀመሪያ ፋይሉ በትክክል ኮምፓይል መሆኑን አረጋግጡና ጂኤችሲን -ዲዳምፕ-ሚኒማል-ኢምፖርትስ በሚለው ምርጫ አስኬዱት፤ በእርግጥ የተጠቀማችሁባቸውን ስሞች ብቻ የዘረዘሩ የኢምፖርት መስመሮችን በተለየ ፋይል ያወጣላችኋል። ያንን ዝርዝር እንዳለ ገልብጣችሁ ከመተካት ይልቅ አንብቡት። ከአንድ ሞጁል ሁለት ወይም ሦስት ስም ብቻ ከወጣ ዝርዝሩን ውሰዱ፤ ስምንትና ዘጠኝ ስም ከወጣ፣ ወይም ከስሞቹ አንዱ የፕሪሉድ ሞክሼ ከሆነ፣ ያንን ሞጁል ወደ ኳሊፋይድ ቀይሩት።

ከዚያ በኋላ አንድ ሞጁል ብቻ እየለወጣችሁ ኮምፓይል አድርጉ። ኳሊፋይድ ያደረጋችሁት ሞጁል ስሞች «አይታወቁም» እየተባሉ አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ በየቦታቸው ቅጽሉን ጨምሩ። የፕሪሉድ ሞክሼ የሆኑት ግን፣ ፕሪሉዱን በሃይዲንግ ያስቀረውን መስመር አብራችሁ ካነሳችሁ፣ እንዲህ አይመጡም። ባዶው ስም አሁን ፕሪሉዱን ብቻ ስለሚያመለክት ኮምፓይለሩ የሚያጉረመርመው ታይፑ ካልገጠመ ብቻ ነው፤ ከገጠመ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ለእነዚህ ስሞች ኮምፓይለሩን ብቻ አትጠብቁ፤ ፋይሉ ውስጥ በፍለጋ አግኝታችሁ እያንዳንዱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። የአንድ ስም ባለቤት ሲያጠራጥራችሁ ጂኤችሲአይን (ኮድ መስመር በመስመር የሚሞከርበትን የጂኤችሲ መሣሪያ) ከፍታችሁ «:ኢንፎ» በሚለው ትእዛዝ ጠይቁት፤ ስሙ የተጻፈበትን ሞጁል ይነግራችኋል።